ጠብታው ከየት ተነሳ?

«እማዬ፣ ምን ይሸታል?»

ልጄ ከኋላ ወንበር ሆኖ ነው የጠየቀኝ። መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመናል። እኔም እሱ ከመጠየቁ በፊት ሸቶኝ ነበር። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ ከባድ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ከፊታችን ካለው መኪና ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። ባሰበት። ቀና ስል ከኮፈኑ ጠርዝ ቀጭን ጭስ ሲወጣ አየሁ።

እንደምንም ዳር ይዤ አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ልጄን አውርጄ ራቅ አድርጌ አቆምኩት። ጭሱ እስኪቀንስ ጠብቄ ኮፈኑን ከፈትኩ። እሳት አልነበረም። ከሞተሩ ጀርባ ግን አንድ የዘይት ጠብታ የጋለው የጭስ ማውጫ ብረት ላይ ወድቃ ጭስ ሆና ስትሄድ በዓይኔ አየሁ። ቀጥላ ሌላ ወረደች። ከዚያ ሌላ።

መኪናዋ ዘይት እንደምታንጠባጥብ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። 20 ዓመት ያለፋት፣ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን መኪና ናት። የተቀበልኳት ከታላቅ ወንድሜ ነው። ቁልፉን ሲሰጠኝ «ትንሽ ታንጠባጥባለች፤ ለምዶባት ነው። ዘይቷን እያየሽ ጨምሪላት፣ ሌላ ችግር የለባትም» ብሎኛል። እኔም እያየሁ ጨመርኩ። ከመኪናዋ ጋር ጠብታዋንም ወረስኩ። በሯ ሲዘጋ እንደምታሰማው ድምፅ፣ እንደ ወንበሯ መርገብ፣ የእሷ ነገር ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሳት ሊነሳ ይችል ነበር የሚለው ብቻ አልነበረም ያስጨነቀኝ። አንድ ብልሽት ስንት ዓመት ቢቆይ ነው ባሕርይ የሚሆነው? «ለምዶባት ነው» ያልነው ነገር፣ ለካ የለመድነው እኛ ነን።

ካርቶኑ

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ከሥሯ ገብቶ ባትሪ አበራና ብዙም ሳይቆይ ወጣ። «ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ነው የሚወርደው። የኋላው ጎማ አልቋል። ካምቢዮው መውረድ አለበት» አለኝ።

የኋላው ጎማ የሚባለው የመኪናው እግር አይደለም፤ የክራንክሻፍቱን፣ ማለትም የሚዞረውን የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ጫፍ ከቦ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግድ ቀለበት ነው። የመዳፍ ስፋት ቢኖረው ነው። ያለበት ቦታ ግን ክፉ ነው። እሱ ጋ ለመድረስ ካምቢዮው ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑ ይፈታል፣ ፍላይዊሉ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ትልቅ የብረት ክብ፣ ይነሳል። ለአንዲት ቀለበት የመኪናዋ ግማሽ ይበተናል። እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ምን እንዳስቆመኝ አላውቅም። ምናልባት ያየሁት ጠብታ ነው። መካኒኩ የሚያወራው ከታች ስለሚወርድ ዘይት ነው። እኔ ያየሁት ደግሞ ከላይ፣ ጭስ ማውጫው ላይ የሚወድቅ። «ሳምንት ስጠኝ» ብዬ ወጣሁ።

ማታ ማታ ከመኪናዋ ሥር ትልቅ ካርቶን ማንጠፍ ጀመርኩ። የፊት ጎማዎቹ ያሉበትን በእስክሪብቶ አሰመርኩበት፤ ጠብታው በየት በኩል እንደወደቀ ጠዋት ላውቅ። መጀመሪያ ያረጋገጥኩት የወረደው ምን እንደሆነ ነው። ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ በጣት መሃል የሚያንሸራትት ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ቀላ ካለ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለው የራዲያተር ፈሳሽ ነው። ጥርት ያለ ውሃ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከአየር ማቀዝቀዣው ነው፣ ችግር የለውም። የእኔው ጥቁር ነበር።

ጠዋት ጠዋት ጠብታዎቹን ቆጠርኩ። ስድስት። ስምንት። አንድ ቀን አስር። ከዚያ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። 20 ጠብታ በግምት 1 ሚሊ ሊትር ነው። በአንድ ሌሊት 10 ጠብታ ማለት ግማሽ ሚሊ ሊትር። በወር 15 ሚሊ ሊትር፤ የመድኃኒት ማንኪያ ሦስቴ ቢሞላ ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ግን ሌላ ነገር ነው የሚናገረው። በብዙ መኪኖች በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት 1 ሊትር ያህል ነው፤ የእኔዋ በወር የዚያን ግማሽ ትጨርሳለች። 500 ሚሊ ሊትር ጠፍቶ ካርቶኑ ላይ ያለው 15 ብቻ ነው።

ቀሪው የት ሄደ? ሞተሩ ውስጥ እየተቃጠለ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ይታያል። አስነስቼ አየሁ፣ ጋዝ ሰጥቼ አየሁ። የለም። የቀረኝ ግምት አንድ ነው። ዋናው መፍሰስ የሚከሰተው እየነዳኋት ሳለ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። ሞተሩ ሲሠራ ውስጡ ያለው ዘይት ይረጫል፣ ይገፋል። የሚወጣው ዘይት መንገድ ላይ ይበተናል፣ የጋለ ብረት ላይ ይተናል፣ በንፋስ ወደ ኋላ ተገፍቶ የሞተሩን ሆድ ይቀባል። ሌሊት ካርቶኑ ላይ የሚወርደው የዚያ ሁሉ ትራፊ ነው። ለዓመታት ስናይ የኖርነው ትራፊውን ነበር።

ከላይ ወደ ታች

የሞተር ዘይት ፍሳሽ የሚፈለገው ከላይ ነው። ይህን ማንም ቢነግረኝ ቀላል ነገር ነው ብዬ አልፈው ነበር። ሠርቼው ስመለከተው ግን ዓይን እንዴት እንደሚታለል ገባኝ። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪና ሲሄድ ደግሞ ንፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከታች ገብቶ የሚያይ ሰው ሁልጊዜ የሚያገኘው ዘይቱ ያረፈበትን ነው። መነሻው እርጥብ ከሆነው ሁሉ ከፍ ያለውና ወደ ፊት የቀደመው ቦታ ነው።

የቆየ ፍሳሽ ላይ ግን ይህንንም ማየት አይቻልም፤ ሁሉም ነገር እርጥብ ነው። የእኔዋ ሞተር ከቴስታታው፣ ማለትም ከላይኛው የሞተር ክፍል፣ እስከ ኮፓው፣ ማለትም ከታች እስካለው የዘይት መያዣ ድረስ ዘይትና አቧራ ተቀላቅሎ የሠራው ጥቁር ቅርፊት ለብሳ ነበር። መጀመሪያ መታጠብ ነበረባት። ሞተሩ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ዲናሞውን፣ የኤሌክትሪክ መጋጠሚያዎቹንና የአየር መግቢያውን በፕላስቲክ ሸፈንኩ። ቅባት ማስለቀቂያ ረጭቼ በብሩሽ ፈገፈግሁ። ኃይል በሌለው ውሃ አጠብኩ። ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። ቅርፊቱ ሲለቅ ከሥሩ የሚያበራ አሉሚኒየም ወጣ። እዚያ ብረት ላይ የፋብሪካው ቁጥር እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር።

ከደረቀች በኋላ 20 ደቂቃ ነዳኋትና ኮፈኑን ከፈትኩ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? ዘይትን መከታተልም እንደዚያ ነው። ሦስት ቀን ከነዱ በኋላ ቢያዩ ዱካው ተሰራጭቶ ይጠፋል። የ20 ደቂቃ ዱካ ግን ቀጭን መስመር ነው። ከኋላ በኩል በዓይን ስለማይታይ ስልኬን አስገብቼ በቪዲዮ ቀረጽኩ። ቴስታታውን ከላይ የሚሸፍነው የቫልቭ ክዳን የኋላ ጥግ፣ ወደ ካምቢዮው በኩል፣ የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። እጄን አሾልኬ ነካሁት። ጣቴ እርጥብ ሆኖ ወጣ።

መስመሩን ተከተልኩት። ከክዳኑ ጥግ ይነሳል። በቴስታታው ጀርባ ይወርዳል። እዚያ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ጭስ ማውጫው ላይ ይንጠባጠባል። ሌላው በሞተሩ ጎን ተንሸራቶ ሞተሩና ካምቢዮው የሚገጥሙበት መስመር ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ያንን መስመር ይዞ እስከ ታች ይወርድና ልክ የኋላው ጎማ ቢያፈስ በሚንጠባጠብበት ቦታ ይንጠባጠባል። መካኒኩ አልዋሸኝም። ያየውን ነው የነገረኝ። ያየው ግን የመንገዱን መጨረሻ ነው።

በማጠብ ብቻ ያልተገኘለት ሰው ሌላም መንገድ አለው። የጠረጠሩት ቦታ ላይ ነጭ ዱቄት፣ የሕፃን ፓውደር ቢሆንም፣ ነስንሶ መንዳት ነው፤ ዘይቱ ዱቄቱን አጥቁሮ ይወጣል። ወይም ዘይቱ ውስጥ የሚጨመር ማቅለሚያ አለ። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። ለእኔ ጣቴ በቃኝ።

በቫልቭ ክዳኑና በቴስታታው መካከል ገብቶ ዘይት የሚያግደው ጋስኬት፣ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ከጎማ የሚሠራ ነው። ክዳኑን ፈትቼ ሳወጣው እንደ ፕላስቲክ ደርቋል። ጎንበስ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የዓመታት ሙቀት ነው። የካንዴላዎቹ ጉድጓድ ውስጥም ዘይት ገብቶ ነበር። ሁሉንም አጸዳሁ፤ አሉሚኒየሙ እንዳይቧጨር በብረት አልፋቅኩትም። አዲሱን ጋስኬት አስገብቼ ቡሎኖቹን አጠበቅሁ። ደህና አድርጌ አጠበቅሁ።

በማግስቱ ካርቶኑ ንጹሕ ነበር። በሳልስቱም። ለወንድሜ ፎቶ ላክሁለት።

ሦስት ሳምንት

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሽታው ተመለሰ። ካርቶኑ ላይ ሁለት ጠብታ፣ ከዚያ አራት። እጄን ወደዚያው ጥግ ስሰድ እርጥብ ነው። ያንኑ ቦታ።

ያኔ ያደረግሁትን አስታውሳለሁ። መፍቻ አነሳሁና አንድ ሩብ ዙር ጨመርኩ። ውስጤ የነገረኝ እሱን ነው። የሚያፈስ ነገር ስናይ እጃችን ወደ ማጥበቅ ይሄዳል። የውሃ ቧንቧ እንደዚያ ነው፤ የጠርሙስ ክዳንም እንደዚያ ነው። በማግስቱ ጠብታው ጨመረ። የጎማ ጋስኬት የሚያግደው በራሱ መለጠጥ ነው። በልኩ ሲጫኑት መልሶ ይገፋል፣ በዚያ ግፊት ዘይቱን ይይዛል። ከልክ በላይ ሲጫኑት ይጨፈለቃል፣ ከቦታው ሾልኮ ይወጣል። ቀጭን ክዳን ከሆነ ደግሞ ቡሎን ባለበት ይጎብጣል፣ ቡሎን በሌለበት ይነሳል። በብዙ ሞተሮች እነዚህ ትንንሽ ቡሎኖች የሚፈልጉት ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) ብቻ ነው። ያ የእጅ አንጓ ጉልበት ነው። እኔ የትከሻዬን ነው የሰጠሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን በዘይት ተማርኩት።

ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። አንዱ «ሲሊኮን ዙሪያውን ቅቢው፣ ይገላግልሻል» አለኝ። ይህን ምክር በጣም እፈራዋለሁ። ሲበዛ ወደ ውስጥም ይወጣል። ቁራጩ ወደ ኮፓው ወርዶ የዘይት ፓምፑ የሚስብበትን ወንፊት ከዘጋ ሞተሩ ያለ ዘይት ይቀራል፤ ጥቂት ጠብታ ለማዳን ሞተር ማጣት ነው። ሌላው ወፍራም ዘይት አድርጊ አለኝ። ሌላው ደግሞ ማገጃ ጎማዎችን የሚያለሰልስና የሚያሳብጥ ፈሳሽ ጨምሪ አለኝ። ይኼኛው ለደረቀ ጎማ አንዳንዴ ይረዳል። የእኔ ጋስኬት ግን አዲስ ነው። ሦስት ሳምንቱ ነው። አዲስ ጎማ የሚለሰልስበት ምን ምክንያት አለው?

ይህ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ጥፋቱ የማጥበቄ ብቻ ነው እንዳልል፣ ሦስት ሳምንት ይዞ ነበር።

ጓንቱ

ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ መካኒክ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አጥር ተሻግሬ ነገርኳቸው። ቀስ ብለው መጡ። ከሥር ይገባሉ ብዬ ካርቶን አነጠፍኩላቸው። አልገቡም። ኮፈኑ አጠገብ ቆመው የክዳኑን ጥግ ለአፍታ አዩትና ዞር አሉ።

«ልጄ፣ መፍቻውን አስቀምጪው» አሉኝ። «አስነሺያት።»

አስነሳኋት። በቀስታ እየዞረች ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን እንድከፍት ነገሩኝ። ከፈትኩ። ከዚያ እጄ ላይ የነበረውን ስስ የጎማ ጓንት ጠየቁኝ። አወለቅሁላቸው። የጓንቱን አፍ በዘይት መሙያው አፍ ላይ ወጠሩትና በጣቶቻቸው ዙሪያውን ያዙት።

ጓንቱ ተነፋ። መጀመሪያ መዳፉ ሞላ። ከዚያ አውራ ጣቱ ቀና አለ፣ ከዚያ ሌሎቹ ጣቶች አንድ በአንድ። ከሞተሬ ላይ አንድ ሙሉ እጅ ተነስቶ ቆመ።

ሁለታችንም ዝም አልን። እሳቸው ምን እንዳዩ ያውቃሉ። እኔ አላውቅም፤ ግን የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ሲከብደኝ ተሰማኝ።

«መተንፈሻዋ ታፍኗል» አሉኝ በመጨረሻ። «ጤነኛ ብትሆን ጓንቱን ወደ ውስጥ ትስበው ነበር።»

ጋሼ ያስረዱኝን በራሴ ቃል ልጻፈው። ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚን ሲነድ የሚፈጠረው ጋዝ ሁሉ ፒስቶኑን ገፍቶ በጭስ ማውጫው አይወጣም። ጥቂቱ በፒስቶኑ ፋሻዎች፣ ማለትም ፒስቶኑን በከበቡት የብረት ቀለበቶች፣ ዳር ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። በአዲስ ሞተርም ይህ አለ፣ በአሮጌ ይበዛል። ያ ጋዝ መውጫ ያስፈልገዋል። ድሮ ድሮ በቱቦ ወደ መንገድ ይለቀቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ግን አየሩን ላለመበከል ጋዙ ተመልሶ ወደ ሞተሩ አየር መግቢያ ገብቶ እንዲቃጠል የሚያደርግ ትንሽ ቫልቭ ተለመደ። ፒሲቪ ይሉታል። ሞተሩ አየር ሲስብ በዚህ ቫልቭ በኩል የሆዱን ጋዝ አብሮ ይስባል። በሌላ ቱቦ ደግሞ ከአየር ማጣሪያው በኩል ንጹሕ አየር ይገባል። መተንፈስ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ቫልቩን ከክዳኑ ላይ ነቅለው ሰጡኝ። «ነቅንቂው» አሉኝ። ጤነኛ ሲሆን ውስጡ ያለው ክፍል ኮሽ ኮሽ ይላል። የእኔው ድምፅ የለውም። በጥቁር ዝቃጭ ተጣብቆ ቀርቷል። ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄደውን ቱቦ ስናወጣ ደግሞ ውስጡ በዚያው ዝቃጭ ጠብቦ እርሳስ እንኳ በግድ የሚያልፍ ሆኗል። ሁለቱም መውጫዎች ተዘግተዋል። በየዕለቱ ስነዳት ጋዙ ይጠራቀማል፣ ይገፋል፣ መሄጃ ያጣል። ከዚያ በጣም ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይወጣል፤ ሲወጣ ዘይቱን ይዞ ይወጣል።

ጋስኬቱ በዳይ አልነበረም። መጀመሪያ የተሸነፈው እሱ ነው።

ማታ ለወንድሜ ደወልኩ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አንተ ጋ እያለች የላይኛው ጓርኒሲዮን ተቀይሮ ያውቃል?» አልኩት። ትንሽ አሰበ። «ሁለቴ» አለኝ። «በቀየርኩ ቁጥር ጥቂት ወር ትቆይና ትመለሳለች። ኋላ ሰለቸኝ፣ ተውኩት። ምን ነበር?»

ጓንቱን ነገርኩት። መስመሩ ላይ ረጅም ዝምታ ሆነ።

ያ ዝምታ ነው ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ። ወንድሜ ሰነፍ ሰው አይደለም። መኪናውን የሚወድ፣ ሰርቪሷን በጊዜው የሚያስደርግ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ትክክለኛውን ፍሳሽ አግኝቶ ሁለት ጊዜ ትክክለኛውን ጎማ አስቀይሯል። እኔም ያንኑ ነው የደገምኩት፤ ከየት እንደሚፈስ ለማግኘት አንድ ሳምንት ሙሉ ደከምኩ፣ አገኘሁት፣ ያገኘሁትን ቀየርኩ። «ከየት» ለሚለው መልስ ሳገኝ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ለምን እዚያ ጋ ወጣ ብዬ አልጠየቅሁም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚሉት፣ ሦስት ጋስኬት ስንደበድብ መተንፈሻውን የነካው ሰው የለም።

ካምቢዮው ወርዶ ቢሆንስ እያልኩም አስባለሁ። የኋላው ጎማ ይቀየር ነበር። ሞተሩም በዚያ አጋጣሚ ይታጠብ ነበር፣ ለጥቂት ሳምንት ደረቅ ይሆን ነበር። ከዚያ በውስጡ ያለው ግፊት አዲሱንም ጎማ መግፋት ይጀምራል። ያኔ «መኪናዋ አርጅታለች» እንላለን። ዕድሜ ብዙ ያልተጠየቀ ጥያቄ ይሸከማል።

እንደገና

አዲስ ቫልቭና አዲስ ቱቦዎች ገዛሁ። ከሥራው ሁሉ ትንሹ ይኼ ነበር፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከገጠምን በኋላ ጋሼ ጓንቱን መልሰው አፉ ላይ ወጠሩት። ሞተሩ ተነሳ። ጓንቱ ለአፍታ ተንቀጠቀጠና ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ጎደጎደ።

«ገና ነው» አሉኝ። ጓንት የሚነፋው መተንፈሻ ሲዘጋ ብቻ አይደለም። የፒስቶን ፋሻዎች ካለቁ የሚሾልከው ጋዝ ስለሚበዛ ክፍት መተንፈሻም አይችለውም። ስለዚህ ካንዴላዎቹን አውጥተን የየሲሊንደሩን ግፊት ለካን። አራቱም ተቀራራቢ ሆኑ፤ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት 10 በመቶ አይሞላም። ፋሻዎቹ ደህና ናቸው ማለት ነው። ያን ጊዜ ብቻ ነው ጋሼ ፈገግ ያሉት።

ጋስኬቱን ግን እንደገና መቀየር ነበረብኝ፤ በጉልበቴ ጨፍልቄዋለሁ። ክዳኑን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ገልብጠን መጉበጡን አየን። አልጎበጠም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የሚገጥሙትን ሁለቱን ፊቶች ምንም ዘይት እስከማይቀር ጠረግሁ። ሲሊኮን ያደረግነው የካምሻፍቱ፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ መያዣ ከቴስታታው ጋር የሚገጥምባቸው ጥጎች ላይ ብቻ ነው፣ በእያንዳንዱ የምስር ፍሬ የምታክል ነጥብ። እዚያ ሁለት ብረት ስለሚገናኝ ጎማው ብቻውን አይሞላውም። ያ የሚያፈሰው ጥግ ከእነዚህ አንዱ ነበር። በፊት ስገጥም ያለ ሲሊኮን ነው የዘጋሁት፤ ለካ ደካማውን ቦታ ራሴም አዘጋጅቼለታለሁ።

ማጥበቁን በልክ መፍቻ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው፣ ሠራን። ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር። መጀመሪያ ግማሹን፣ ከዚያ ሙሉውን። መፍቻው ቀጭ ሲል ገና ምንም ያጠበቅሁ አልመሰለኝም ነበር። እጄ ትንሽ ልጨምር፣ ትንሽ ልጨምር ይለኛል። ጋሼ አዩኝና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። መፍቻውን አስቀመጥኩ።

አንድ ሌላ ጉዳት ኋላ ላይ ተገኘ። ዘይቱ ለዓመታት ሲወርድበት የኖረ አንድ የሞተር መደገፊያ ጎማ ነበር። ዘይት ተራ ጎማን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። መኪናዋ ቆማ ሳለች መሪው ላይ የሚሰማኝ መንቀጥቀጥ ከእሱ ነበር። ያንንም የዕድሜ ነገር ብዬው ኖሬያለሁ። እሱም ተቀየረ።

ካርቶኑ አሁንም አለ

ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር አልፏል። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ በሰርቪስና በሰርቪስ መካከል የሚቀንሰው በዓይን ለማየት እስኪያስቸግር ትንሽ ነው። ሽታው የለም።

ሙሉ በሙሉ ደረቀች ማለት ግን አልችልም። ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገጥሙበት በታች፣ ያ መጀመሪያ የተጠረጠረው ቦታ፣ ትንሽ ወዝ አለው። በጨርቅ ጠርጌ ከወር በኋላ ሳየው ጨርቁን ቀለም የሚያስይዝ ያህል ነው። ጠብታ ሆኖ አይወርድም። ምናልባት የኋላው ጎማ በዚያ ሁሉ ግፊት ዓመታት ተጎድቶ ይሆናል። ለዚህ ወዝ ካምቢዮ አላስወርድም። ፍሪሲዮኑ አልቆ ካምቢዮው በራሱ ምክንያት የሚወርድ ቀን ጎማው አብሮ ይቀየራል። እስከዚያ በየወሩ ባትሪ አብርቼ አየዋለሁ። ጠብታ ከሆነ ወይም ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ከጀመረ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ከኋላ ወንበር ሆኖ የጠየቀኝ ልጄ ካርቶኑን ማውጣት የእሱ ሥራ ነው ብሏል። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ይጎትተዋል። የድሮዎቹ ጥቁር ክቦች አሁንም አሉበት፤ አዲስ እንዳይምታታበት ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ከቧቸዋል። ዛሬም ጎትቶ አየውና «የለም» አለኝ። ቦርሳውን አንስቶ ሊገባ ነው ስል ግን ከመኪናዋ ፊት ሄዶ ቆመ።

«እማዬ፣ ኮፈኑን ክፈቺልኝ» አለኝ። «ከላይም ልየው።»